የልደት ዛፍና በቤት የተሠራ ጌጥ

በክርስቶስ ስም የተጠራችሁ፣ በጾምና በጸሎት የጌታችንን የልደት በዓል የምትጠባበቁ ምእመናን ሆይ፤ በዓሉ በቀረበ ቍጥር በከተማው ገበያና በየሱቁ ደጃፍ ሁላችንም የምናየው ነገር አለ። አረንጓዴ ዛፍ፣ የሚያብለጨልጭ ኳስ፣ ባለ ብዙ ቀለም መብራት፣ የወርቅና የብር መልክ ያለው ክር በየመንገዱ ተዘርግቶ ይሸጣል። ልጆችም ይህን ባዩ ጊዜ ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። ያለው አባት ሳያስብ ይገዛል፤ የሌለው ተበድሮ ይገዛል፤ መበደር ያልቻለውም በልጆቹ ፊት ዐንገቱን ይደፋል። ለደስታ የተሰጠን በዓል ለአንዳንዱ ቤት የዕዳና የሐፍረት ቀን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስለ ልደት ዛፍ ምን ልናስብ እንደሚገባን፣ ጌጡንም በጥቂት ወጪ በገዛ እጃችን እንዴት ልንሠራው እንደምንችል፣ ከወጪው የሚተርፈውም ገንዘብ ወዴት መሄድ እንዳለበት በዚህ ጽሑፍ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው ነገር ዛፍ ማስጌጥ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት የወጣ ልማድ አለመሆኑ ነው። የእኛ የልደት በዓል እውነተኛ ጌጥ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያትን ጾም መጾም፣ በዋዜማው ሌሊት በማሕሌትና በቅዳሴ መቆም፣ የተጣላን ማስታረቅ፣ ቅዱስ ቍርባንን በንጽሕና መቀበል ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በዓሉን ስናከብር ዛፍ በቤቱ ያላቆመ ክርስቲያን ከበዓሉ ጸጋ አንዳች አይጐድልበትም፤ ያቆመውም አንዳች አይጨመርለትም። ሰው ለበዓል በቤቱ ቀጤማ እንደሚጐዘጕዝ፣ ዛፍም እንዲሁ የቤት ማሳመሪያ ነው እንጂ ምሥጢር አይደለም። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ዛፍ ያቆመውን አይነቅፍም፤ ያላቆመውንም አይንቅም።

አንዳንድ ሰዎች ግን ነቢዩ ኤርምያስ በዐሥረኛው ምዕራፍ ከዱር ስለ ተቈረጠ፣ በብርና በወርቅም ስለ ተሸለመ እንጨት የተናገረውን ጠቅሰው የልደት ዛፍ ጣዖት ነው ይላሉ። ምዕራፉን አስተውሎ ላነበበ ሰው ግን ነቢዩ የሚናገረው አናጢ ጠርቦ ስለሚሠራው፣ እንዳይወድቅም በምስማር ስለሚቸነከረው፣ መናገርና መራመድ ስለማይችለው፣ አሕዛብ ግን አምላክ ነው ብለው ስለሚፈሩት ምስል ነው። ቤቱን ያስጌጠ ሁሉ ጣዖት አመለከ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የነቢዩ ተግሣጽ እኛን አይነካንም ብለን መጽሐፉን አጥፈን ልናስቀምጥ አይገባም። ሰው የሚሰግደው በጕልበቱ ብቻ አይደለምና። ስለ ዛፉ ጌጥ ብሎ የተበደረ፣ ስለ ዛፉም ማማር የጎረቤቱን ረኀብ የረሳ፣ ከጎረቤቱ ዛፍ የእርሱ ቢያንስ ልቡ የሚቃጠል ሰው፣ ጕልበቱን ባያጠፍም ልቡን አጥፏል። እንግዲህ አደጋው ያለው በእንጨቱ ሳይሆን በልባችን ነው።

የልማዱን ታሪክ ማወቅም ይጠቅመናል። የልደት ዛፍ የመጣው ከጀርመን አገር ነው። በመካከለኛው ዘመን በዚያ አገር በእነርሱ ታኅሣሥ 24 ቀን የአዳምና የሔዋን መታሰቢያ ይደረግ ነበር፤ የገነትንም ታሪክ ለሕዝብ በትርኢት ሲያሳዩ ፖም የተንጠለጠለበት ዛፍ በመካከል ያቆሙ ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የልደትን ዛፍ ከዚህ ጋር ያያይዙታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1605 ዓ.ም. ዛሬ በፈረንሳይ ግዛት ውስጥ ባለችው በስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ማስታወሻ እንደሚገልጠው፣ የከተማው ሰዎች በየቤታቸው ዛፍ እያቆሙ ከልዩ ልዩ ቀለም ወረቀት የተቈረጠ ጽጌረዳ፣ ፖም፣ ስስ ቂጣና ጣፋጭ ይሰቅሉበት ነበር። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የዛፉ ጌጥ ከመጀመሪያው በቤት የተሠራ፣ ከጓዳና ከወረቀት የተገኘ መሆኑን ነው።

የሚያብለጨልጨው የመስታወት ኳስ እንኳ የድሆች እጅ ሥራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በቱሪንጊያ ተራሮች ባለችው በላውሻ መንደር የሚኖሩ መስታወት ነፊዎች ይህን ጌጥ በየቤታቸው መሥራት ጀመሩ፤ አባት መስታወቱን ሲነፋ እናትና ልጆች ቀለም ይቀቡ ነበር። አንድ ድሃ ሠራተኛ ለዛፉ ፖም መግዛት ቢያቅተው ፖሙን በመስታወት ነፍቶ እንደ ሠራው በአፈ ታሪክ ይነገራል። በ1848 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ከቤተ ሰብዋ ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆማ የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ በታተመ ጊዜ ልማዱ በእንግሊዝና በአሜሪካ ይበልጥ ተስፋፋ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ኤድዋርድ ጆንሰን የተባለ ሰው 80 ትናንሽ አምፖሎች በዛፍ ላይ አበራ። ከዚያም ወዲህ ፋብሪካው የቤቱን ሥራ ወሰደው፤ ነጋዴውም የእናትንና የልጆችን ስፍራ ያዘ። ዛሬ በዓልን ያለ ግዢ ማክበር የማይቻል እስኪመስለን ድረስ የደረስነው በዚህ መንገድ ነው።

ምእመናን ሆይ፤ እግዚአብሔር የእጅን ሥራ የማይንቅ አምላክ መሆኑን ከቅዱሳት መጻሕፍት እንማር። በኦሪት ዘፀአት ድንኳኑ በተሠራ ጊዜ ባስልኤልን በጥበብ የሞላው እግዚአብሔር ነው፤ በልባቸው ጥበበኞች የነበሩ ሴቶችም በእጃቸው የፈተሉትን ሐምራዊና ቀይ ግምጃ አመጡ፤ ሥራቸውም ከወርቁ ጋር በአንድነት ተቈጠረ። በሐዲስ ኪዳንም ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት ሀብትዋን ሳይሆን በእጅዋ የሠራችላቸውን ልብስ ነው። ከሁሉም በላይ እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ጌታን ወደ ቤተ መቅደስ ባስገባች ጊዜ ያቀረበችው መሥዋዕት ጠቦት አልነበረም። ሕጉ ጠቦት ለመግዛት ዐቅም ለሌላት ሴት የፈቀደውን፣ ሁለት ወፎችን፣ አቀረበች። የሰማይና የምድር ጌታ በድሃ መሥዋዕት ወደ ቤቱ ከገባ፣ እኛ በድሃ ጌጥ በዓሉን ብናከብር የምናፍረው ስለ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በመጀመሪያ ስለ ዛፉ እንናገር። ለጥቂት ቀን ደስታ ብሎ ሙሉውን ጥድ ከሥሩ መቍረጥ አይገባም። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በሰሜኑ ደጋ በብዙ ስፍራ ጥንታዊው ደን ተርፎ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አባቶቻችን ጠብቀው ያቈዩትን እኛ በአንድ ሳምንት ልናጠፋው አይገባም። በኦሪት ዘዳግም እግዚአብሔር በጦርነት ጊዜ ከተማ ሲከበብ እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቈረጥ አዝዟል። ስለዚህ ከግቢ ዛፍ የተገረዘ አንድ ቅርንጫፍ ወስዶ እርጥብ አሸዋ በሞላበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ይበቃል። በጣሳ የተተከለ ሕያው ችግኝ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ በዓሉ ሲያልፍ በመሬት ይተከላልና። ቀድሞ የተገዛ የፕላስቲክ ዛፍ ያለውም በየዓመቱ ያንኑ ያውጣ እንጂ አዲስ አይፈልግ።

ሁለተኛው ፈንዲሻ ነው። ለቡና ቁርስ የምናቀርበው ፈንዲሻ ዘይትና ጨው ሳይነካው ከተፈነዳ በኋላ አንድ ቀን ይቈይ፤ ትኵሱ በመርፌ ሲወጋ ይሰበራል፤ ያደረው ግን ለስለስ ስለሚል መርፌ ይቀበላል። በጠንካራ ክር ተሰክቶ በዛፉ ዙሪያ ሲጠመጠም ከሩቅ እንደ ነጭ አበባ ይታያል። ሦስተኛው ብርቱካን ነው። በስሱ በክብ በክቡ ተቈርጦ በንጹሕ ወንፊት ላይ በፀሓይ ይሰጣ፤ በየቀኑም ይገላበጥ። በአገራችን ወቅቱ የበጋ ፀሓይ ስለ ሆነ በጥቂት ቀኖች ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ በክር ሲሰቀል ብርሃን በውስጡ ያልፋል።

አራተኛው የስፌት ሥራ ነው። ስንደዶና አክርማ በየገበያው አለ፤ ወስፌም ስፌት የምታውቅ እናት ባለችበት ቤት አይጠፋም። አክርማው እንዳይሰበር በውሃ ከራሰ በኋላ ትንሽ መስቀል፣ ኮከብ፣ የጣት ቀለበት የሚያህል ክብ ይሰፋበታል። ይህ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው፤ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንዲቀመጡ ምክንያት ይሆናል፤ ሊረሳ የቀረበውም ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። አምስተኛው የዕንቍላል ቅርፊት ነው። በሁለቱ ጫፍ በመርፌ ተበስቶ ውስጡ በትንፋሽ ከወጣ በኋላ ታጥቦ ደርቆ ቀለም ይቀባል። ነገር ግን በጾም ወራት በክርስቲያን ቤት ዕንቍላል ስለማይሰበር ይህን የሚፈልግ ከኅዳር 15 ቀን በፊት አስቦ ቅርፊቱን ያስቀምጥ። ጾምን የሚጠብቅ ቤት ጌጡንም በጾሙ ሥርዐት ያዘጋጃል።

ስድስተኛው ጥጥ ነው። በብዙ ቤት ጥጥ በዛፉ ላይ የሚበተነው በረዶ እንዲመስል ነው፤ ይህም የሰሜን አውሮፓን ክረምት መኰረጅ ነው እንጂ ከወንጌሉ የተገኘ አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ የሚነግረን በሜዳ ሌሊቱን መንጋቸውን ስለሚጠብቁ እረኞች ነው። ስለዚህ ከጥጡ በረዶ ከማድረግ ይልቅ በትንሽ ካርቶን ላይ ለጥፈን በግ እናድርገው፤ በዛፉም ሥር መንጋ እናሰማራ። ልጆች አሮጌ የቆርኪ ክዳን በከረሜላ ወረቀት ጠቅልለው ኮከብ ቢያደርጉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠርዙ እጃቸውን እንዳይቈርጣቸው ታላቅ ሰው አብሮአቸው ይቀመጥ።

ሰባተኛውና ለትምህርት ከሁሉ የሚሻለው የወረቀት ሰንሰለት ነው። ያገለገለ ደብተርና የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት ሁለት ጣት ያህል ስፋት፣ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ባለው ዘለላ ይቈረጣል። የስንዴ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ በእሳት ላይ ሲማሰል ሙጫ ይሆናል፤ በእርሱም አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ ይያያዛል። ወንጌላዊው ማቴዎስ ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ ያለውን ትውልድ ሦስት ጊዜ ዐሥራ አራት አድርጎ እንደ ቈጠረ እናውቃለን። ስለዚህ ሰንሰለቱ 42 ቀለበት ይኑረው፤ ከአብርሃም እስከ ዳዊት በአንድ ቀለም፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ በሌላ ቀለም፣ ከምርኮ እስከ ክርስቶስ በሦስተኛ ቀለም ይሁን። ይህን ሰንሰለት በእጁ የሠራ ልጅ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ በቃሉ እንደ ማጥናት ያህል ያውቀዋል። ሲጠይቅ ይመለስለት፤ ሲሰለቸውም ነገ ይቀጥል። በገንዘብ የሚገዛ ጌጥ ይህን ሁሉ ሊያስተምር አይችልም።

ስለ ጥንቃቄም ሁለት ነገር እንጨምራለን። አንደኛ፣ የደረቀ ጥድ በውስጡ ሙጫ ስላለው፣ ጥጥና ወረቀትም ሲጨመሩበት፣ ከአንዲት ትንሽ ነበልባል ቤት ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሻማና ጧፍ በዛፍ ላይ ፈጽሞ አይበራ፤ የጸሎት ጧፍ ቦታው በሥዕለ አድኅኖ ፊት ነው። የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦም አይንጠልጠልበት። ሁለተኛ፣ የጌታችንንና የእመቤታችንን ሥዕል ከመጽሔት ቈርጦ እንደ ማንኛውም ጌጥ በቅርንጫፍ መስቀል አይገባም። በዓሉ ሲያልፍ ቅርንጫፉ ይጣላል፤ ወረቀቱም ይረገጣል። ቅዱስ ሥዕል በክብር ስፍራው ይቀመጥ፤ ዛፉም ከእርሱ ዝቅ ብሎ ይቁም።

ጌጡን ስንሰቅል ትርጕሙን እየነገርን ይሁን። ክቡ ብርቱካን አዳም የበላትን የዛፍ ፍሬ ያሳስበን፤ ቅርንጫፉም አዳምን ያዳነው ጌታ የተሰቀለበትን ዕፀ መስቀል ያመልክተን። ኮከቡ የጥበብ ሰዎችን ጕዞ፣ በጉ የእረኞችን ትጋት፣ ሰንሰለቱ የአባቶችን ተስፋ ይንገረን። እንዲህ ያለ ዛፍ በቤት ውስጥ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ትርጕሙ ያልተነገረበት ዛፍ ግን፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ጌጥ የተጫነ እንጨት ብቻ ነው።

ከአገር ርቀው በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ነገር ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። በእነዚያ አገሮች ዛፉ የሚያምረው በታኅሣሥ 25 ቀን፣ በአገሩ አቈጣጠር፣ ነው፤ የእኛ በዓል የሚውለው ግን በጥር 7 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም ቀኑ በዚያ አቈጣጠር ሳይለወጥ ነው። ጎረቤት ዛፉን አውርዶ በመንገድ ዳር ሲጥል የእኛ ልጆች በዓል ገና ይመጣል። ልጁም በሁለት ዓለም መካከል ቆሞ የእኛ በዓል ያለፈበት ይመስለዋል። በዚያን ጊዜ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ በፈንዲሻ፣ በስንደዶና በጥጥ በግ ዛፉን ቢያስጌጥ፣ በዓሉ የዘገየ ሳይሆን የራሱ ቀን ያለው መሆኑን በእጁ ይረዳዋል። ሲሠሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋም ከጌጡ ጋር በልቡ ይቀራል።

እንግዲህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ይህን ሁሉ የምንመክረው ገንዘብ ለማጠራቀም ብቻ ከሆነ ምክራችን ከስስት አይለይም። ቍጠባ ክርስቲያናዊ ምግባር የሚሆነው የተረፈው ለሌላው ሲደርስ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ የክርስቶስን ማዕድ በወርቅ ከማስጌጥ አስቀድሞ የተራበውን ክርስቶስ፣ ይኸውም ድሃውን፣ ማብላት እንደሚገባ አስተምሯል። ለቤተ መቅደስ ጌጥ እንኳ እንዲህ ከተባለ፣ ለቤት ዛፍ ጌጥ ምን ይባል? ስለዚህ ለጌጥ ልናወጣው የነበረውን ገንዘብ ከበዓሉ በፊት በአንድ ፖስታ እንለየው። ልጆቻችን በገዛ እጃቸው ይዘውት በሰፈራችን ላለች አንዲት መበለት፣ ለአንድ ታማሚ፣ ልጆቹን የሚያበላው ለጨነቀው ለአንድ አባት ያድርሱት። የሚሰጠውም ሰው እንዳያፍር በቀስታ፣ ያለ ወሬ፣ በአክብሮት ይሁን። ያ ቤት በልደት ቀን እንጀራ ካለው፣ በእኛ ቤት ያለው የወረቀት ኮከብ ከመስታወቱ ኳስ ይልቅ ያበራል።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። በውድ ጌጥ መመካት እንዳለ ሁሉ በርካሽ ጌጥ መመካትም አለ። ሌላው ገዝቶ ያስጌጠውን ዛፍ አይተን እኛ ግን በእጃችን ሠራን ብለን ብንታበይ፣ የፈሪሳዊውን ጸሎት ደገምን እንጂ በዓል አላከበርንም። ልጃችን ከትምህርት ቤት ተመልሶ የጓደኞቼ ዛፍ ከእኛ ይበልጣል ቢለንም አንቈጣው። የተወለደው ጌታ በእንግዳ ማረፊያ ስፍራ አጥቶ በግርግም እንደ ተኛ፣ ላምና አህያም በትንፋሻቸው እንዳሞቁት አባቶቻችን ያስተማሩንን በትዕግሥት እንንገረው። በዚያች ሌሊት በበረቱ ውስጥ ወርቅ አልነበረም፤ ወርቁ ከጥበብ ሰዎች ጋር ኋላ መጣ። አስቀድሞ የነበሩት ድርቆሽ፣ ጨርቅና የእናት እጅ ናቸው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ ዛፍ ለማቆም የፈለግን በልክ እናቁም፤ ያልፈለግንም ያለ ሐሳብ እንተወው። ጌጣችን የእጃችን ሥራ፣ ሥራችንም የልጆቻችን ትምህርት፣ ከሥራችን የተረፈውም የድሃ ወገናችን ማዕድ ይሁን። በዓሉ በመጣ ጊዜ በዕዳ የተጨነቀ አባት፣ በሐፍረት የተደበቀች እናት፣ ያዘነ ልጅ በመካከላችን እንዳይገኝ እንተጋገዝ። ስለ እኛ ደሃ ሆኖ የተወለደው ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የልደቱን በረከት በየቤታችን ያሳድርብን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።